አባ ጠላቂ ሀብተየስ ከነሰዓቱ እጁን የታጠበበት ቀን

ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አራት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዓመት፣ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ ኢሕአዴግ በነገሠ በአሥራ ስድስተኛው፣ ግምገማ በየቢሮው በሠለጠነበት፣ ባጃጅ ወደ ሶዶ ከተማ በገባች በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥር በዕለተ ቅዳሜ፣ የጂኦግራፊ መምህር የሆነው ሀብተየስ እጁን ታጠበ። ነገሩም እንዲህ ነው።

የጥንት መኳንንት በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ሀብተየስ ግን ፈረስ ስላልነበረው በሰዓቱ ስም «አባ ጠላቂ» ተባለ። ሰዓቱ ባሕር ለሚጠልቁ ሰዎች የተሠራ፣ ፊቱ እንደ ጥቅምት ሰማይ የጠራ፣ ውፍረቱ እንደ ቁራሽ ዳቦ፣ በዙሪያውም የሚሽከረከር ቀለበት ያለው ሲሆን፣ እስከ ሁለት መቶ ሜትር ጥልቀት ውሃ እንደማይገባው በጀርባው ተቀርጾበት ነበር። ባለቤቱ ግን ዋና አይችልም፤ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ያገኘውም በተጠመቀ ቀን ብቻ ነው።

ዜና ጸሐፊ አድልዎ አይገባውምና የሰዓቱን ጥቅም አንሸሽግም። መብራት ሲጠፋ ብቻውን ያበራ ነበር። በግምገማም ላይ አንድ ተናጋሪ ሲነሣ ሀብተየስ ቀለበቱን ጠር ጠር ጠር አድርጎ ያዞረዋል፤ ተናጋሪውም ደቂቃው እየተቆጠረበት መሆኑን አውቆ ያሳጥራል፤ በዚህም ብዙ መምህራን ምሳቸው ሳይቀዘቅዝ ቤታቸው ገብተዋል። ጉዳቱንም አንሸሽግም፤ በሸሚዝ እጅጌ አያልፍም፣ ሰሌዳ ይቧጭራል፣ ክንድም ያዝላል። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው፤ ማስታጠቢያ በቀረበ ቁጥር፣ ሁለት መቶ ሜትር የሚችለውን ሰዓት ሀብተየስ ቀስ ብሎ ያወልቅና ኪሱ ይከተው ነበር።

ምክንያቱን ከእርሱና ከክብረት በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ክብረት አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው በመናኸሪያው አጠገብ የተከሉትን የሰዓት ጥገና ጠረጴዛ የወረሰ፣ በአንድ ዓይኑ ማጉያ በሌላው ገበያውን የሚያይ ባለሙያ ነው። ባትሪ ሊቀይር የሰዓቱን ጀርባ በከፈተ ጊዜ ውሃ የሚከለክለውን ጎሚኒ ተበጥሶ አገኘውና እንዲህ ሲል ዐወጀ፦

«ስማ መምህር! የዚህ ሰዓት አባቶች ለውሃ ተሠሩ። በልጆቹ ጊዜ ግን ገዢው ባሕር እንደማይገባ ታወቀና መልኩን አወፈሩት፣ ጎሚኒውን አቀጠኑት። ለዚህ የሚሆን ጎሚኒ እንኳን በሶዶ በዋና ከተማውም የለም። ካፊያ ይችል ይሆናል፤ ለእጅ መታጠብ ግን ዋስ አልሆንህም!»

ሀብተየስም ስለ ሁለት መቶ ሜትሩ በከተማው ሁሉ ፊት ብዙ ፎክሮ ነበርና ይህን ቃል በልቡ ቀበረው።

ከዚህም በኋላ ሀብተየስ መምህርት ዘመነችን ወደደ፤ እርስዋም ወደደችው። የቀረው የአባትዋ የጋሽ ሻንቆ ፈቃድ ነበር። ጋሽ ሻንቆ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ጌጥ የማይወዱ፣ ለነገር ሁሉ «ምን ይሠራል?» የሚሉ ሰው ናቸው፤ በግራ እጃቸውም ቆዳ ማሰሪያ ያላት ትንሽ ሰዓት ነበረቻቸው። እርስዋን አንድ ጊዜ ሲመለከቱ እንግዳ ሁሉ ኮፍያውን ይፈልጋል፤ ረጅም ጸሎት እንኳ አሜን ይደርስ ነበር። እኒህ ሰው በአንድ ሠርግ ላይ የሀብተየስን ሰዓት ወደ ኪስ መውረድ አይተው ኖሮ፣ የሽማግሎች አለቃ ርእሰ መምህር ገብረአማኑኤል ልጅዋን ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ እንዲህ የሚል አዋጅ አወጡ፦

«ከውሃ የሚሸሽ የውሃ ሰዓት ጌጥ ነው፤ እኔም ልጄን ለጌጥ አልሰጥም! ልማዱ ባይሆንም ሙሽራው ራሱ ይምጣ። በፊቴ ከነሰዓቱ ይታጠብ። ሰዓቱ ከሠራ ልጄን ይወስዳል፤ ካልሠራ ምሳውን በልቶ ይሄዳል!»

በተቆረጠውም ቀን ሀብተየስ ሠራዊቱን አስከትሎ ዘመተ። በፊት ርእሰ መምህር ገብረአማኑኤል ከከዘራቸው ጋር፣ በቀኝ ክብረት ከማጉያው ጋር፣ በኋላ ሁለት የወንጌል ዘማሪዎችና ያልተጠራ አንድ ጎረቤት፣ በሁለት ባጃጅ ተጭነው፣ አቧራውን እያስነሡ ወጡ። በመንገድም ላይ ክብረት የሰዓቱን ጀርባ በሻማ ሰም ዙሪያውን ለቀለቀው፤ ይህም የዘመቻው ምሽግ ነበር።

በጋሽ ሻንቆ ቤት ቁርጡ ተቆርጦ፣ ዳጣው ዓይን እያስለቀሰ ቀርቦ ነበር። ዘመነችም ማስታጠቢያውን ይዛ ወጣች። ሀብተየስ ክንዱን ዘረጋ። የክብረት ከንፈር ለጸሎት ይንቀሳቀስ ጀመር። እርስዋም ምስጢሩን አታውቅምና ይኸው ይታይልኝ ብላ እንደ ብላቴ ወንዝ ሙላት አወረደችበት፤ እጁን፣ አንጓውን፣ ሰዓቱን፣ እጅጌውንም አጠበች። ውሃውም ሞቅ ያለ ነበርና ሰሙ ቀለጠ። ወዲያው በሰማያዊው ፊት ላይ፣ የዳሞታን ተራራ በክረምት የሚሸፍነው ዓይነት ጭጋግ ወረደ፤ ቀጭኑ የሴኮንድ ቆጣሪም ሁለት ጊዜ ተንፈራገጠና በሰባት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ላይ ቆመ።

ጋሽ ሻንቆም፦ «ሕዝብ ሁሉ ይስማ፤ ሰዓቱ ስንት እንደ ሆነ መምህሩ ይናገር!» ብለው ዐወጁ።

ሀብተየስም በልቡ አሰበ። ግድግዳ ላይ የሚታይ ሰዓት አልነበረም፤ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ መገመት ይችላል፤ ማን ያውቅበታል? ቀና ሲል ግን ዘመነች ማስታጠቢያውን እንደ ያዘች ታየዋለች። ያን ጊዜ ልሳኑ ተፈታና እንዲህ ዐወጀ፦

«አላውቅም! ሰዓቱ አሁን ሞተ፤ ጎሚኒው ከተበጠሰም ሁለት ወር ሆኖታል። ዋናም አልችልም። ያሰርኩት ስለሚያምር ነው!»

ጋሽ ሻንቆ ድል እንዳደረገ ሰው እጅጌያቸውን ሰብስበው ትንሽዋን ሰዓት ተመለከቱና፦ «ለሚሠራ ሰው የሚሠራ ሰዓት ይበቃዋል፤ ሰባት ሰዓት ከሃያ ነው!» አሉ።

በዚህ ጊዜ ባለቤታቸው እትዬ አሳየሽ ቢላዋ እንደ ያዙ ከጓዳ ብቅ አሉ፤ አዋጃቸውም ከሁሉ አጭርና ከሁሉ የከፋ ነበር፦

«ኧረ ተው ሻንቆ! ያቺ ሰዓትህ ዘመነች አራተኛ ክፍል ሳለች ቆማለች። ለጸሎት ሰዓት ደረሰ ወይ እያልክ የምትጠይቀው እኔን፤ እኔም ሰዓቱን ጠብቆ የሚያልፈውን የሻንቶ ሚኒባስ ጥሩምባ ሰምቼ ነው የምነግርህ። ‹ባዶ እጅ ለሽማግሌ አያምርም› ያልከኝ ማን ነበር?»

ክብረት ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ በትሕትና ተጠጋ፤ መረመረም፤ ራሱንም ነቀነቀ። የመጀመሪያውን ሳቅ የለቀቀው ያልተጠራው ጎረቤት ነው፤ ያቺን ትንሽ ሰዓት አይቶ ምሳ ሳይበላ የወጣባቸውን ዓመታት ይቆጥር ነበርና። ጋሽ ሻንቆ ግን እጅጌያቸውን እንደገና ሰበሰቡ። ከዚያም የራሳቸውን ክንድ ከሀብተየስ እርጥብ ክንድ አጠገብ አሳረፉ፤ ትንሽዋንና ትልቁን፣ የቀደመችውንና የተከተላትን ሬሳ አስተያዩ፤ የመጨረሻውንም አዋጅ አወጡ፦

«ለጌጥ አልሰጥም ያልኩት ቃሌ የጸና ነው። ነገር ግን እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ያልተናዘዝኩትን ይህ ልጅ በአንድ ማስታጠቢያ ተናዘዘ። እንግዲህስ ቀድሞም ዘመዳሞች ኖረናል። ሥጋው ይቅረብ!»

ሥጋውም ቀረበ፤ ስንት ሰዓት እንደ ተበላ ግን የሚያውቅ ስለሌለ አልተጻፈም። በሚያዝያም ሠርጉ ሆነ፤ አማቹና ጋሽ ሻንቆ ሰዓታቸውን አስረው ቆሙ፤ ሁለቱም እጅግ አማሩ። ሙሽሮቹም ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበትን ሰዓት እትዬ አሳየሽ ከሚኒባሱ ጥሩምባ ሰምተው አስታወቁ።

ይህ ነው የአባ ጠላቂ ሀብተየስ ገድል፤ ሳይዋኝ ጠላቂ የተባለ፣ ሳይዋሽ የታጠበ፣ ሁለት መቶ ሜትር ባሕር ይችላል የተባለለትን በአንድ ማስታጠቢያ ውሃ ያሰጠመ፣ በሰጠመውም ሰዓት ሚስት ያገኘ፤ ክብሩ ከዳሞታ ጫፍ እስከ ጉኑኖ ይሰማ፣ ክንዱም ለዘላለም አይቅለል።