ቢንቢ የማይገድለው ባልደረባዬ

ከስልጠና በተመለሰ ቁጥር አዲስ ሰው የሚሆን ባልደረባ የላችሁም? እኛ አሶሳ ውስጥ ደምሰው አለን።

ስለ ወባ ሰልጥኖ መጣና፣ "አንዳንድ ቢንቢ ሆዷ ውስጥ በተፈጥሮ የሚኖር ባክቴሪያ አለ፤ ወባ እንዳታስተላልፍ ያደርጋታል። ተመራማሪዎች እየሞከሩት ነው" አለን። ይገርማል! ከዚያ ወዲያ ግን ቢንቢ መግደል አቆመ። ክንዱ ላይ ያረፈችውን ልመታለት ስል እጄን ያዘኝ።

"ተው እንጂ! ባክቴሪያው ያላት ብትሆንስ? ሳይጣራ እርምጃ ይወሰዳል?"

እውነቱን ነው፤ ደንብ ደንብ ነው። እኔም የምታርፍብኝን ሁሉ ሳልመታ ማጣራት ጀመርኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደምሰው ጤና ጣቢያ ተኝቶ እየተንቀጠቀጠ፣ "ያቺኛዋ ቢንቢ ስልጠናው ሳያመልጣት አልቀረም" አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ግን ከጎኑ ባለው አልጋ ላይ ነበርኩና ጥርሴ እየተንገጫገጨ አላስቀኝ አለ።