አያ እንዳላማው መንገድ የከሰሱ ዕለት

ሙግተኛ ጎረቤት የሌለበት አገር የለም፤ ካለም ሰው አይኖርበትም። ሙግተኛ እህል ቢያጣ ይሰነብታል፤ ነገር ሲያጣ ግን ይታመማል። ከአማኑኤል ወዲህ ባለችው የዮሐንስ አጥቢያ ይህ መዓት የወረደው በእቴናት ላይ ነበር። ጎረቤቷ ክቡርነታቸው አያ እንዳላማው ነበሩ።

"በሕግ አምላክ!" ይላሉ አያ እንዳላማው። ፍየል አጥር ስትጥስ፣ "በሕግ አምላክ!" ዶሮ ከጎተራቸው ሥር ስትጭር፣ "በሕግ አምላክ!" አንድ ጊዜማ ዝክር ላይ ጠላው ጎደለብኝ ብለው ቄሱን አቁመዋቸዋል። ይህ ቃል ከተጠራ ደግሞ መሄድ የለም፤ ሌባም ቢሆን ይቆማል። ከዚያ የተከሳሹን የነጠላ ጫፍ ከጋቢያቸው ጫፍ ጋር ቋጥረው ዳኛ ፊት ይነዱታል።

እቴናትንም ለአንዲት የድንበር ድንጋይ ሲሉ እንዲህ አስረው እስከ ደብረ ማርቆስ ወስደዋታል፤ ያውም በገበያ ቀን። ያየ ሁሉ ሳቀባት። ደግሞ ረቷት! የሚያቃጥለው ይህ ነው። "አፈር ይብላቸው!" ትላለች ያቺን ድንጋይ ባየች ቁጥር።

ከዚያ ጣልያን መጣ። ከጣልያን ጋር የመንገድ መሥሪያ ቤት የሚሉት ሌላ ጉድ መጣ። ጣልያኑ ሹም በመነጽር አሻግሮ ያያል፤ ባየበት ሁሉ ችካል ይተከላል። "መንግሥት አገራችሁን ሊያለማ ነው፤ ደስ ይበላችሁ" ይላል አስተርጓሚው አካለ ወልድ። አይ ልማት! የድሃ ማሳ እየበላ የሚሄድ ልማት! የአገሩ ሰው በግድ ተይዞ የገዛ እርሻውን በዶማ ይንዳል፤ ደስ ያላለው በአለንጋ ደስ እንዲለው ይደረጋል።

አንድ ጠዋት ችካሉ የዮሐንስ ቤተ ክርስቲያንን መቃብር ለሁለት ሰንጥቆ አለፈ። አንዱ የተተከለው ሙላት ራስጌ ነበር። ሙላት የእቴናት አንድያ ልጅ ነው፤ ባለፈው ክረምት ንዳድ ገደለባት። እቴናት ሮጣ ሹሙ እግር ላይ ወደቀች።

"ልጄ ነው ጌታዬ! ትንሽ ዘወር አድርጉልኝ፣ ስለ ዮሐንስ!"

አካለ ወልድ ለሹሙ እንኳ አልነገረላትም። "የመንግሥት መንገድ አይዞርም። ተነሺ!" አላት ከራሱ።

ሹሙ እጁን አወዛወዘ፤ ዶማ ተነሣ። የእቴናት አንጀት አረረ። በጣልያን ብቻ አይደለም፤ ቅጥሩን ተደግፎ በሚያየው ወንድ ሁሉ ተናደደች። "ወንድ የለም እንዴ እዚህ አገር?" ብላ ጮኸች።

"በሕግ አምላክ!"

ያን ድምፅ ታውቀዋለች። ከልማዷ የተነሣ እሷም ቀጥ ብላ ቆመች።

አያ እንዳላማው በትራቸውን ይዘው በመቃብሩ መሃል መጡ። የሹሙን ኮት ጫፍ ያዙና ከጋቢያቸው ጋር ቋጠሩት። አዎ፣ የጣልያንን ኮት!

"ይህን መንገድ ከስሼዋለሁ!" አሉ። "ዳኛ ሳያየው ዶማ የሚያሳርፍ የእግዜር ጠላት ነው!"

ሹሙ መጀመሪያ ሳቀ። ቋጠሮውን ቢጎትት እምቢ ሲለው ግን ፊቱ ቀላ፤ አለንጋውን አነሣ። ዘበኞቹም ሽማግሌውን በሰደፍ ደብድበው ጣሏቸው። "ቆፍሩ!" ተባለ። ማንም አልቆፈረም። ዶማው ሁሉ መሬት ላይ ተጋድሟል።

"ሕግ ተጠርቷል እኮ!" አለ ከሠራተኞቹ አንዱ። "ዳኛ ሳያይ እንዴት አድርገን እንቆፍራለን? አንተስ አካለ ወልድ፣ የአገር ልጅ አይደለህም?"

ቢዛትም ቢገረፍም ንቅንቅ የሚል ጠፋ። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል፤ ሹሙ ዝናቡ ሳይገባ ሥራውን ማድረስ አለበት። እየተራገመ ችካሉን አስነቀለና ከመቃብሩ በታች አስተከለው። አይዞርም የተባለው መንገድ ዞረ። አያ እንዳላማውን ግን አስሮ ወሰዳቸው።

ክረምቱን ሙሉ አጥቢያው ጭር አለ። የእቴናት ፍየል የአያ እንዳላማውን ጎመን ስትጨርስ የሚጮህ ሰው አልነበረም። እቴናት ፍየሏን ራሷ አባራ መለሰችና ቁጭ ብላ አለቀሰች።

አያ እንዳላማው ለመስቀል ተፈቱ። በዚያው በዞረው መንገድ፣ ከስተው፣ እያነከሱ ሲመጡ አየቻቸውና ሮጣ ፊታቸው ቆመች።

"በሕግ አምላክ! ይቁሙ!"

ቆሙ። የነጠላዋን ጫፍ ከተቀደደው ጋቢያቸው ጋር አጥብቃ ቋጠረችው።

"በምን ነገር ነው የከሰስሽኝ?" አሉ። ፊታቸው በአንድ ጊዜ በራ።

"ቤት ገብተው እህል ከቀመሱ በኋላ እነግርዎታለሁ።"

ክንዳቸውን ደግፋ ቀስ እያለች ነዳቻቸው። የድንበሯ ድንጋይ ጋ ሲደርሱ አያ እንዳላማው ቆም ብለው አጎንብሰው አዩ።

"ወደ እኔ ገፍተሻታል" አሉ።

"እሰይ!" አለች እቴናት፣ እንባዋ እየወረደ። "እሰይ፣ ደህና ነዎት!"