ከደጃፍ ውጭ የተበላ መኮሮኒ

እኛ ሀገር በቀን ብዙ ጊዜ ከሚነገሩት ውሸቶች ሁሉ የሚጣፍጠው «ለእኔ የቱም እኩል ነው» የሚለው ነው። እንግድነት ሄዳችሁ ወተት ይምጣ ወይስ ሻይ ስትባሉ «ያለው ይሁን» ትላላችሁ፤ ዓይናችሁ ግን ወተቱ ላይ ነው። አትካዱ፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። ታዲያ ኮሌጅ የገባው ልጄ ሰሞኑን ወረቀት ላይ ጎበጥ ያለ መስመር ስሎ አሳየኝ። ሰው ከአንዱ ዕቃ ሲቀነስበት ከሌላው ከተጨመረለት እርካታው አይጎድልም፤ በዚህ መስመር ላይ የትም ቢቆም ለእሱ እኩል ነው አለኝ። መነጽሬን አድርጌ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈለግሁት። እናቱ የለችበትም።

በጣሊያን ጊዜ ነው። ልደታ አዲስ ጎጆ የወጣን ባልና ሚስት ነበርን፤ እኔ አናጢ ነኝ፤ ለአንድ የጣሊያን መጋዘን ሣጥን እሠራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የመጋዘኑ ሹም ከደመወዛችን ሌላ ወይ አንድ ከረጢት ጨው ወይ አንድ ጥቅል መኮሮኒ ያስመርጠናል። እኔ በጨዋ ደንብ ያደግሁ ሰው ነኝና እጅ ነሥቼ «የቱም እኩል ነው፣ ጌታዬ» እላለሁ። ሰውየው ደግሞ ሀገራችንን አያውቅምና አመነኝ። በየሳምንቱ ለእጁ የሚቀርበውን ጨው እያነሣ ይሰጠኛል።

ባለቤቴ በላይነሽ አልከፋትም። ወንድሟ ደምሴ ጫካ ገብቶ ከአርበኞች ጋር ነበርና «የጣሊያን ምግብ ከዚህ ደጃፍ አያልፍም» ብላ ምላለች። ጨው ግን የእግዜር ነው።

ከዚያ አረገዘች። ሽሮው አስጠላት፣ ቂጣው አስጠላት፣ የቀመሰችው ሁሉ ይመለሳል። ፊቷ ጠወለገ፤ እኔም እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ፈራሁ። ምን አማረሽ ስላት «ምንም፤ ያለው ይሁን» ትላለች። አንድ ሐሙስ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «ያ ቱቦ ቱቦው ነገር...» አለች። ለካ ጎረቤታችን ተሰማ ቤት ሲቀቀል ሸትቷት ኖሯል።

ቅዳሜ ሰልፍ ላይ ቆሜ «መኮሮኒ፣ መኮሮኒ» እያልኩ አጠናሁ። ተራዬ ደረሰ፤ ሹሙ ጠየቀ፣ አስተርጓሚው ጠየቀ። አፌ «የቱም እኩል ነው፣ ጌታዬ» አለ። ጨው ሰጡኝ።

ተሰማም አብሮኝ ይሠራል፤ መኮሮኒውን ታቅፎ ከጎኔ ይሄዳል። እሱ ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ መኮሮኒ ብቻ የሚመርጥ ሰው ነው። ኀፍረቴን ዋጥ አድርጌ ጭንቀቴን ነገርኩት።

«ጨው አለህ?» አለኝ ቆም ብሎ።

«ቤቱን ሞልቶታል።»

«አንተ ሰው! እኛ እኮ ጨው የሌለው ወጥ ከበላን ስንት ጊዜያችን! ልጆቹ መኮሮኒ ሲያዩ መደበቅ ጀምረዋል። ለአንድ ከረጢት ጨው አራት ጥቅል ውሰድ።»

ሰው የበዛበትን ነገር በቀላሉ ይለቃል ብሎ ልጄ በመስመሩ ላይ ሲያስረዳኝ ቆየ። ይህንንማ ተሰማ ያለ ኮሌጅ ያውቀው ነበር።

የቀረው መሐላው ነው። የተሰማ ሚስት ቀቅላ አመጣችልን። በላይነሽ ሳህኑን አየች፣ ደጃፉን አየች፤ በርጩማዋን ይዛ ወጣችና ውጭ ተቀምጣ ጥርግ አድርጋ በላችው። ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ያዡ እኔ ነበርኩ። ዛሬ መስመር የሚስልልኝ ያኔ በሆዷ የነበረው ልጅ ነው።

ጣሊያን ወጥቶ ደምሴ ጠጉሩ ትከሻው ላይ ወድቆ ተመለሰ። በላይነሽ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ ስትስቅ ቆየች። ውጭ ምድጃው ላይ የመኮሮኒ ድስት ተጥዷል፤ ለምዳው ቀርታለች፣ ከደጃፍ ግን አታስገባውም። ወንድሟ ምን ይለኝ እያለች አንገቷን ደፍታ «ሽሮ አለ። ያ... መኮሮኒም አለ። የቱ ይቅረብልህ?» አለችው።

ደምሴ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ «ለእኔ የቱም እኩል ነው» አለ። ዓይኑ ግን በበሩ አልፎ ድስቱ ላይ ነው።

በላይነሽ እንደ ጣሊያኑ ሹም አላመነችውም። ወጣች፤ ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ ደጃፉን ተሻግራ ገባች።