ሰባት ቤት ያስቆጠረች ቃል

ከእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ እንደ ተውሳከ ግስ የምጠረጥረው የለም። ስም ዕቃውን ያሳያችኋል፤ ግስ ሥራውን ይነግራችኋል፤ ተውሳከ ግስ ግን ሳይጠራ መጥቶ በሰው ጉዳይ መካከል ይጎለታል። የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ ይህን ማለት አልነበረብኝም። ግን ያየሁትን አይቻለሁ!

ጊዜው ትምህርት በፕላዝማ የሚሰጥበት፣ ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ «ለስብሰባ ነው ወይስ ለመዋጮ?» እያልን በጎሪጥ የምናይበት ነበር። የባለቤቴ አጎት አያ ሞላ ከቡሬ ገጠር ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥተው፣ ትምህርት ቤቴ በር ላይ ከጋቢያቸው ውስጥ ደብዳቤ አወጡ። ልጃቸውን ይታይሽን ያጫት የሽንዲ መምህር በእንግሊዝኛ የጻፈላት ነው፤ ከትራሷ ሥር አግኝተውት። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«ምን እያለ ነው ይኼ ልጅ?»

«እኔና አንቺ ኢንሴፐረብሊ ተያይዘናል» ይላል። ላይነጣጠሉ ተያይዘዋል ማለት ነው አልኳቸው። እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረ! የመምህር አመል ሆኖብኝ አጠቃቀሙንም ጨመርኩ፤ ቃሉ ትናንት ለተዋወቀ ሰው አይሆንም፣ ከጥንት ተሳስሮ ለኖረ ነገር ነው የሚያምርበት አልኩ።

አያ ሞላ ዓይናቸውን አጠበቡ። «ሳይጋባ አንነጣጠልም የሚል ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ዘመድ ነን እያላት ነው!»

ምን ብል ሊሰሙኝ! በእኛ አገር እስከ ሰባት ቤት የሚገናኝ አይጋባም። ሲታጩ ተቆጥሮ ነበር፤ እሳቸው ግን በችኮላ ነው የተቆጠረው፣ እንደገና ካልተቆጠረ ሠርግ የለም አሉ። ይታይሽ ስታለቅስ ከረመች፤ እኔም ምላሴን ስረግም።

በሳምንቱ አያ ሞላ ቤት ተሰበሰብን። የአገሩን ትውልድ በቃላቸው የያዙት አባ ደምለው የልጅቱን ወገን ይቆጥራሉ፣ የሙሽራው አጎት ደግሞ የልጁን፤ እኔ ጥፋቴን ልካስ ብዬ እጽፋለሁ። ጠላው ቀርቦ የሚቀምሰው ጠፋ። ሁሉም የሌላውን አፍ ይጠብቃል። በአባትም በእናትም ሰባት ቤት ተወጣ፤ የትም አልተገናኙም። ጓዳ ውስጥ እልል ተባለ፤ ይታይሽ በሣቋ ተለየች።

እኔ ግን አልሣቅሁም። በአያ ሞላ በኩል አምስተኛው ቤት ላይ «አንድ ዓይናው ጓሉ» ብዬ ጽፌያለሁ። አባቴ ሞቅ ሲለው «ቅድመ አያቴ አንድ ዓይናው ጓሉ!» እያለ ሲፎክር ነው ያደግሁት። የባለቤቴ አባት ደግሞ የአያ ሞላ ወንድም ናቸው። እኛ ኮሌጅ ተዋውቀን ከተማ ተጋባን፤ ማን ቆጥሮን! ሦስት ልጆች አሉን።

አባ ደምለው ብዕሬ መቆሙን አይተው አንገታቸውን ወደ እኔ ሰገግ አደረጉ።

«መምህር፣ የእናንተን ማን ቆጠረው? ከተሰበሰብን አይቀር...»

ተማሪዎች እየጠበቁኝ ነው ብዬ ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትሁና ወጣሁ። ቀኑ እሑድ መሆኑን ያስታወስሁት ቡሬ መናኸሪያ ስደርስ ነው።