ጋሽ ይቆረጥ ፊልም ሲያዩ

በየዘመዱ መሀል ፊልም የሚያይ ሳይሆን ፊልም ላይ የሚፈርድ አንድ ሰው አይጠፋም። እግዜር ለአንዳንዱ ቤት የሚያፈስ ጣሪያ ይሰጠዋል፤ ለአንዳንዱ ነገረኛ ጎረቤት። ለእኛ አጎታችንን ሰጠን።

ክቡርነታቸው የእናቴ ታናሽ ወንድም ሲሆኑ በሙያቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እሑድ እሑድ ምሳ እኛ ቤት ይበላሉ፤ ምሳው ሲያልቅ ደግሞ እኛን ይበላሉ። ገና የተዋናዮቹ ስም ወርዶ ሳያበቃ አንገታቸውን ነቅነቅ ያደርጉና «ይሄ ይቆረጥ!» ይላሉ። የሚሳሳሙት ይቆረጡ፣ የሚሯሯጡት ይቆረጡ፣ ሙዚቃው ይቆረጥ። እንደ እሳቸው ቢሆን ከፊልሙ የሚተርፈው «ተፈጸመ» የሚለው ጽሑፍ ብቻ ነበር። ጋሽ ይቆረጥ ያልናቸውም ለዚህ ነው፤ እርግጥ በሌሉበት።

«ገዳዩ ይሄ ሰውዬ ነው» አሉ አንድ እሑድ፣ ገና የሞተ ሰው ሳይኖር።

«በምን አወቁ ጋሼ?»

«ኮቱን አታይም? በፊልም ደግ ሰው እንዲህ ልኩ የሆነ ኮት ለብሶ አያውቅም።»

ገዳዩ ሰውዬው ሆነ። አንጀት የሚያሳርረው ይሄ ነው፤ ቢሳሳቱማ እንወዳቸው ነበር።

ኮሜዲ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እጃቸውን አጣጥፈው እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ይቀመጣሉ። እናቴ በሳቅ ስትፈርስ ዞር ብለው «ምኑ ነው ያሳቀሽ? እስቲ አስረጂኝ» ይሏታል። ቀልዱ ተብራርቶ ሲያልቅ በክፍሉ ውስጥ የሚስቅ ነፍስ አይቀርም። አዲስ የዘፈን ክሊፕ ሲመጣም «ይሄ ልጅ ሸሚዙ ቁልፍ የለውም ወይስ ዘፈኑ ነው የሚያሞቀው?» ይላሉ።

ይሄን ሁሉ ችለን አሳለፍነው። ያላሳለፍነው የእህቴን ነው።

እህቴ ቀን ቀን መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ነፍሷ ያለው ግን ትወና ላይ ነው። ስንት ደጅ ጠንታ አንድ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ላይ ትንሽ ሚና አገኘች፤ የምትደነብር አስተናጋጅ። የታየ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ገባ። እህቴ ጉልበቷን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። በስክሪኑ ብቅ አለች፣ ደነበረች፣ ትሪውን ጣለችው። አጨበጨብን።

«ጋሼስ?» አለች ፊቷ በርቶ።

«ውሸት ነው» አሉ። «ትሪው ከመውደቁ በፊት እንደሚወድቅ ታውቂያለሽ። ይሄ ይቆረጥ።»

እህቴ ተነስታ መኝታ ቤት ገባች። በሩን የዘጋችው በቀስታ ነበር፤ ጓ አድርጋ ብትዘጋው ይሻለን ነበር። ኮሜዲው ሲቀጥል የእሷ ሚና አልቀጠለም። ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ ያሸከምነው ለአጎታችን ነው። እናቴም ቁርጡን ነገረቻቸው፦ «ወንድሜ፣ ወይ አፍህን ሰብስብ ወይ እግርህን።»

እግራቸውን ሰበሰቡ።

ከዚያ ወዲህ ፊልም በሰላም ማየት ጀመርን። ሰላምማ መቃብርም ውስጥ አለ። እህቴ ጥፍሯን ትቀባለች፣ እናቴ ታንቀላፋለች፣ እኔ ስልኬን እጎረጉራለሁ። ገዳዩ ሲያዝ ማንን እንደገደለ የሚያውቅ አልነበረም።

እናቴ እግሯን ቀዶ ጥገና ስታደርግ ሊጠይቋት መጡ። ወንበር ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑ ላይ ዓመት ሙሉ ራሱን ስቶ የተኛ ሰው ድንገት ነቅቶ በሩጫ ከሆስፒታል ሲወጣ ሁላችንም ዓይናችንን እሳቸው ላይ ጣልን።

«ጥሩ ነው» አሉ።

ቁልፍ የሌለው ዘፋኝ መጣ። «ጥሩ ነው።» እናቴ እሷን ሊጠይቅ የመጣው ወንድሟ ራሱ የታመመ መሰላት። እኔም ያን ቀን ነው እርጅናቸውን ያየሁት። በየእሑዱ መምጣት ቀጠሉ፤ እንደ ጨዋ ሰው፣ እንደ ባዳ።

በዚህ መሀል እህቴ ሌላ ሚና አገኘች፤ ባሏ የሞተባት ሴት። ዳይሬክተሩ ግን የለቅሶዋን ክፍል «ድጋሚ እንቀርጸዋለን» አላት፤ ለምን እንደሆነ አልነገራትም። እንዳይቀይሯት ሰግታ የተቀረጸውን በፍላሽ ይዛ መጣች። አየነው። እናቴ «የኔ ልጅ፣ አንጀቴን በላሽው» አለች። እኔም የቻልኩትን ያህል አሞገስኩ።

«በጣም ጥሩ ነው» አሉ አጎቴ።

እህቴ ወደ እሳቸው ዞረች። «ጋሼ፣ ይሄን ያህል መጥፎ ነው?»

«ጥሩ ነው አልኩሽ እኮ።»

«እርስዎ ጥሩ ብለው አያውቁማ! ሌላው ሰው ያዘነልኝ ይበቃኛል። እርስዎ እንኳ አይዘኑልኝ!»

አጎቴ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው ወደ እናቴ አዩ። እናቴ በፋሻ የተጠቀለለ እግሯን ትራሱ ላይ አመቻቸችና «ተናገር እንግዲህ፣ ይውጣልህ» አለች።

«ስታለቅሺ ታምሪያለሽ» አሉ በቀስታ። «እንባሽ ኩልሽን እንኳ አልነካውም። አክስትሽ የሞተች ቀን አይተሽኛል። አምሬ ነበር?»

«አላማሩም» አለች እህቴ። «ንፍጥዎ ጢምዎ ላይ ወርዶ ነበር። ጫማዎም ግራና ቀኙ የተለያየ ነበር።»

«እና የታለ?» ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ጣታቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ቀሰሩ። «የታለ ንፍጡ? ባልሽ እኮ ነው የሞተው!»

እህቴ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ተበላሽቶ ለቅሶ ሆነ። አጎቴ መሀረባቸውን አውጥተው ሰጧት፤ እሷ ግን አልጠረገችበትም፤ ተነስታ ፊቷን በመስታወት አየች።

ድጋሚ የተቀረጸው የታየ ቀን ያቺ ሴት ስክሪኑ ላይ ስታለቅስ አፍንጫዋ ቀልቶ፣ አፏ ተጣሞ፣ እውነት ለመናገር ለዓይን ታስጠላ ነበር። እናቴ ጮክ ብላ አለቀሰች። አጎቴ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ አደረጉት፣ እንደገና አውልቀው ጠረጉት።

ቀጥሎ ሬሳ ሳጥኑን ተሸክመው የሚሄዱ ሰዎች መጡ። አጎቴ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ባዶ ነው! ሳጥኑ ባዶ ነው! አካሄዳቸውን እዩማ፤ ሬሳ ተሸክሞ እንዲህ የሚፈናጠር ማን አለ?»

እኔም ሪሞቱን አነሳሁና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነስኩላቸው።