ሁለት ስልክና አንድ መርዶ

ወዳጄ፣ ስንት ሲም ካርድ አለህ? ሁለት? ገምቼ ነበር። ዛሬ አሰላ ውስጥ አንድ ሲም ብቻ ያለው ሰው ካገኘህ፣ ወይ መነኩሴ ነው ወይ ሌላኛው ጠፍቶበታል። አትቆጣ፣ ነገር ፍለጋ አይደለም። እኔ የሰው ስልክ የምቆጥረው ለሥራዬ ነው። ሥራዬ ደግሞ መርዶ መንገር ነው።

ደመወዝ የለውም። የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ፤ ጡረታ ስወጣ እድሩ ጎተተኝ። ድምፅህ ዝግ ያለ ነው፣ ሰው አያስደነግጥም አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ተማሪ ያስተኛሁበት ድምፅ በመጨረሻ ቁም ነገር ላይ ዋለልህ። መቼም ታውቃለህ፣ እኛ ዘንድ ለእናት ልጅሽ ሞተ ተብሎ በስልክ አይነገርም። ነውር ነው። ሽማግሌ ማልዶ ይሄዳል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ከጎን ይቆማል፣ ከዚያ ነው የሚነገረው። ዋናው ጣጣ ታዲያ ሽማግሌው እስኪደርስ ወሬው ቀድሞት እንዳይገባ ማድረግ ነው።

ድሮ ቀላል ነበር። በልጅነቴ ጢቾ ውስጥ የማውቀው ስልክ አንድ ነው። ለስልከኛዋ ሹክ ማለት ይበቃል፤ እሷ አፏን ከያዘች ከተማው ሁሉ ያዘ ማለት ነው። ቀጥሎ ሞባይል መጣና በየቤቱ አንድ ስልክ ገባ። እሱም ግድ የለም፣ ጎረቤት ልኮ ማስወሰድ ነው። ቀጥሎ ሁሉም በየኪሱ ያዘ። ይሄ አልበቃ ብሎ ሁለተኛው ኩባንያ መጣ። ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ብሎ አገሩ ፈነደቀ። ድንኳን ተተከለ፣ ዘፈን ተለቀቀ፣ ሲም ካርድ እንደ ጠበል ጸዲቅ ታደለ። እኔ ብቻ ዳር ቆሜ ተከዝኩ። የሚደበቀው ስልክ እጥፍ ሆነብኝ አይደል? ሌላው የስልክን እድገት በደንበኛ ብዛት ይለካው። እኔ የምለካው ሰው በሞተ ቁጥር መደበቅ ባለበት ስልክ ነው፤ በዚህ ከለካነው በጣም አድጓል።

ስለዚህ በሬዲዮ ስለ ውጭዎቹ የስልክ ኩባንያዎች ሲወራ ጆሮዬን እሰጣለሁ። እዚያ ማዶ ነገሩ ተገላብጧል አሉ። መጀመሪያ እንደ አሸን ፈሉ፤ አሁን ትልቁ ትንሹን ይውጣል፣ ሁለት ትልልቆች ይጋባሉ፣ የተረፈው ትንሽ አሻሮ ይዞ ወደ ቆሎ ይጠጋል። ጋዜጠኛው ውድድር ጠፋ፣ ሕዝቡ አማራጭ አጣ እያለ ያዝናል። እኔ ግን ይቅናቸው እል ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለም እንዴ? ተዋህደው ተዋህደው የዓለሙ ስልክ ሁሉ በአንድ ኩባንያ እጅ ቢገባ፣ አንድ ጊዜ ደውዬ የጢቾን መስመር እስከ ነገ ጠዋት ያዙልኝ፣ መርዶ አለብን እላለሁ ብዬ ነዋ! ለኩባንያዎች ጋብቻ የሚጸልይ የአሰላ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ጸሎቴን የተውኩት ባለፈው ክረምት ነው።

ባለፈው ክረምት ግርማ ሞተ። ግርማ የአክስቴ የእትዬ ዘነቡ ልጅ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከኢተያ ስንዴ ጭኖ አዳማ ያደርሳል፣ አሰላ ሲያድር እኔ ቤት ያድራል። መኪናው ተገልብጦ ሞተ ብለው ከሰዓት በኋላ ነገሩን። እትዬ ዘነቡ ጢቾ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ግርማ፣ አዲስ አበባ ያለችው አልማዝ፣ ሐዋሳ ያለው ተስፋዬ። እኔንም ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ የሞተች ጊዜ መርዶዋን የነገሩኝ እሳቸው ነበሩ፣ ጭንቅላቴን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው። እንዲያ አድርገው የነገሩኝን ሴት ስልክ አይነግራቸውም ብዬ ማልኩ።

ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት ስለነበር በዚያ ቀን መሄድ አልተቻለም። ማልደን ልንነሳ ተስማማንና ለእትዬ ጎረቤት ለጫልቱ ደወልኩ። ስልኮቹን ውሰጂ አልኳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፣ ማልቀስ ጀመረች። እትዬ ስልካቸው ሁለት ነው። አንዷ ባለ ቁልፏ፣ የድሮዋ ናት። ሌላዋ ግርማ በአዲሱ ኩባንያ መስመር የገዛላቸው ናት፤ በመሐረብ ተጠቅልላ ነው የምትቀመጠው።

ጫልቱ ጎበዝ ናት። ፊቷን ታጥባ ገባች። አዮ፣ ስልኬ ውሃ ገባበት፣ ወንድሜ ሊደውልልኝ ነው፣ ያውሱኝ ብላ ባለ ቁልፏን ወሰደች። እስከዚህ ደህና። ትንሽ ቆይታ ተመለሰችና ይቺኛዋ ኔትወርክ እምቢ አለችኝ፣ ያቺኛዋንም ይስጡኝ አለች። እትዬ መሐረቡን ፈትተው ሰጧት። ምንም አልተናገሩም ብላ ደውላ ነገረችኝ፤ የደወለችልኝም በራሳቸው በእትዬ ስልክ ነው። ተሳካልን ብዬ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ቀን ደስ አለኝ።

በማግስቱ ከድር በሚኒባሱ ወሰደኝ። ከድር የስልጤ ሰው ነው፣ የግድግዳ ጎረቤቴ፤ ሱቁን ዘግቶ ልቅሶ የሚደርስ ሰው ነው። ጭቃው እያንሸራተተን የምናገረውን እለማመዳለሁ። መጀመሪያ ታሟል በላቸው አለኝ ከድር። ታሟል ብለን ያልገደልነው ሰው አለ እንዴ አልኩት።

ስንደርስ ግቢው ተጠርጓል። አግዳሚ ወንበሮች ወጥተው በየግድግዳው ተደርድረዋል። እትዬ ዘነቡ ጥቁር ለብሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ጫልቱ አጥሩ ሥር ቆማ ታየናለች። ያንን ዝግ ያለ ድምፄን አዘጋጅቼ ጎንበስ ስል ቀደሙኝ።

«የትኛው ነው?» አሉኝ።

«ምኑ?» አልኩ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው፣ ምኑ አልኩ።

«ጫልቱ አንዱን ስልክ ስትወስድ ዝም አልኩ። ሁለተኛውን ስትወስድ ልጅ እንደሞተብኝ አወቅሁ። እኔስ ለስንቱ ጎረቤት ስልክ ደብቄያለሁ! የትኛው እንደሆነ ግን በምን ደውዬ ልጠይቅ? ግርማን አለቀስኩ። ቀጥዬ አልማዝን አለቀስኩ። ቀጥዬ ተስፋዬን። ሦስቱንም ስቀብር አድሬያለሁ። ንገረኝ ልጄ፣ የትኛው ነው?»

ለቀባሪው አረዱት ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር።

«ግርማ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ሁለቱ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ተመስገን» አሉ።

ወዲያው አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ያወጡትን ቃል መልሰው ሊያስገቡት የፈለጉ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ጮሁ። ስንት ቤት መርዶ ገብቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ጩኸት ግን ሰምቼ አላውቅም። ጫልቱና ከድር ግራና ቀኝ ይዘዋቸው እንኳን አልቻሏቸውም። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

እትዬ ዛሬም ድረስ በልጄ ሞት ተመስገን አልኩ ይላሉ። ለንስሐ አባታቸው ሁልጊዜ የሚናዘዙት ያቺኑ አንዲት ቃል ነው። አባ እግዜር ይፍታሽ ቢሏቸውም አይፈቱም። እኔ ነኝ ያስባልኳቸው፤ በብልጠቴ። ስልኩ እጃቸው ላይ ቢሆን ኖሮ ክፉውን ይሰሙ ነበር፣ አዎ። ግን አልማዝ ሃሎ ትላቸው ነበር፣ ተስፋዬም ሃሎ ይላቸው ነበር። የሞተባቸው አንድ ነው፤ እኔ ሦስት አደረግኩባቸው።

ስለዚህ ጸሎቴን ተውኩት። ኩባንያዎቹ ይጋቡ ወይም ይፋቱ፣ የራሳቸው ጉዳይ ነው። የእኔ ጣጣ ሌላ ነው።

ትናንት ጠዋት ከድር በሬን አንኳኳ። የሚኒባሱ ጎማ ተንፍሶበታል፣ የራሱ ስልክ ባትሪ ጨርሷል፤ ለጎሚስታው ልደውልለት፣ ስልክህን አውሰኝ አለኝ። ካሉኝ ሁለት ስልኮች አንዱን ሰጠሁት። እሱ ግቢዬ ውስጥ እየተንጎራደደ ስለ ጎማው ሲጨቃጨቅ፣ እኔ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ አዳማ ያለችውን ልጄን አለቀስኳት። ቀጥዬ ጅማ ያለውን። ስልኩን ሊመልስልኝ ሲመጣ ፊቴን አየና ምነው፣ ምን ሆንክ ብሎ ደነገጠ።

«ሁለተኛውን አትፈልገውም?» አልኩት።