የረዳት ሞተር አድማጩ ሚስተር ኩዚክ

አሮጌ አውሮፕላን በሚጠገንበት ሁሉ የጥገና መጽሐፉን የማያምን አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። የእኛ፣ በሰሜን ካናዳ የየሎውናይፍ ከተማ መካኒኮች፣ ክቡር ሚስተር ደልበርት ኩዚክ ናቸው። አርባ አንድ ዓመት አንገታቸውን አውሮፕላን ጅራት ውስጥ ቀብረው ስለኖሩ፣ ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ እዚያ የምትቀመጠውን ረዳት ሞተር ያውቃሉ። ትልልቆቹን ሞተሮች የምታስነሳው እሷ ናት፤ ካኮረፈች የሚንቀሳቀስ የለም።

"መፍቻህን አስቀምጥና መጀመሪያ ጠይቃት" ይላሉ። መጠየቅ ማለት ማዳመጥ ነው። እሳቸው ሲያዳምጡ ማኘክ ክልክል ነው፤ አንዴ አብራሪውን ብስኩት አስተፍተውታል።

አንድ ጥር፣ ሰሜን ካለች ትንሽ መንደር ልትወልድ የደረሰች ሴት አሳፍረን ልንነሳ ስንል ረዳት ሞተሯ እምቢ አለች። ብርዱ ከዜሮ በታች አርባ፤ በመንደሯ ሌላ ማስነሻ የለም። እኔ የሚያዞራት ሞተሪኖ ተቃጥሏል ብዬ ልፈታ ተነሳሁ።

"ባትሪውንስ?" አሉ አብረውን የመጡት ሚስተር ኩዚክ።

"ለካሁት፣ ሙሉ ነው።"

"ቁጭ ብሎማ ማን ጠንካራ የማይመስል አለ? ሥራ ስጠውና ለካ።"

አብራሪው ማስነሻውን ሲጫን የመለኪያው መርፌ ቁልቁል ወረደ። የባትሪው ገመድ ጫፍ ላልቶ ዝጓል። ብሎኑ በጓንት አልያዝ ስላላቸው ጓንታቸውን አወለቁ። ፍቀው ሲያጠብቁት የሁለት ጣታቸው ቆዳ ብረቱ ላይ ቀረ። ሞተሯ አሳለች፣ አጓራች፣ ተነሳች። ሴትዮዋ በማግስቱ ሆስፒታል ወለደች።

እሳቸው እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መሣሪያቸውን ሰበሰቡ። ቤት ሲገቡ ይህን የሚነግሩት ሰው አልነበራቸውም፤ ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኖ ነበር። እሑድ እሑድ ሥራ ሳይኖራቸው ጋራዥ መጥተው መሣሪያ ሲወለውሉ ይውሉ ነበር። ባለፈው ጸደይ ጡረታ ወጡ። መሸኛ ኬኩን ቆመው በሉ፣ ቁልፋቸውን አስረክበው ሄዱ።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ምክር ልጠይቅ እደውልላቸዋለሁ። ስልኩን ገና አንዴ ሳይጠራ ያነሱታል።

"ሞተሯ ትዞርና ሳትቀጣጠል ትቆማለች" አልኳቸው ባለፈው ሳምንት።

ግማሽ ሰዓት መረመሩኝ። ነዳጁን፣ ብልጭታውን፣ የአየር መግቢያውን በር አንድ በአንድ ጠየቁኝ፣ ሰደቡኝም።

"ይቺን ሞተር ቀድመህ ጠግነሃታል፣ አይደል?" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ። ጠዋት ነው የጨረስኩት።"

ከወጥ ቤታቸው የፍሪጁ ድምፅ በስልኩ ይሰማኛል።

"ሐሙስስ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ምን ይበላሽብሃል?"